የሎሚና የቡና አበባ መጠጥ ለፀደይ ድግስ

ጥያቄ፦ «ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ በሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢያችን፣ የታናሽ እኅቴ ቀለበት ይታሰራል። 60 ያህል እንግዶች ይኖሩናል፤ ከእነርሱም ሲሶው አልኮል አይጠጣም። ለእንግዳ መቀበያ ቀለል ያለ፣ አበባ አበባ የሚሸት የሎሚ ኮክቴል ላዘጋጅ ብዬ ጂን፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳርና የጽጌረዳ ውሃ ቀላቅዬ ሞከርሁ። ሲቀመስ ሳሙና ሳሙና አለኝ፤ ጥቂት ሰዓታት ሲቆይ ደግሞ መረረ። ስህተቴ የቱ ጋ ነው? ባለሙያ ሳልቀጥር ለዚህ ሁሉ ሰው እንዴት ላሰናዳው?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ወቅቱን በትክክል መምረጥዎ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው ፀደይ የሚለውን ስም ለመስከረምና ለጥቅምት ይሰጣል፤ በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ያ ጊዜ መፀው ሲሆን ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ይህን ማንሣቴ ለመጠጡ ስለሚጠቅም ነው። በሲዳማ የቡና ዛፍ የሚያብበው የበልግ ዝናብ ደረቁን መሬት ሲያርሰው፣ ማለትም በፀደይ መግቢያ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ በጽጌረዳው ምትክ የምመክርዎትም አበባ እርሱ ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን የገጠሙዎትን ሁለት ችግሮች ለየብቻ ላስረዳ፤ ምንጫቸው የተለያየ ነውና።

የሳሙናው ጣዕም የመጣው ከአበባው ውሃ ብዛት ነው። መጠኑን ባይጽፉልኝም በማንኪያ እንደለኩት እገምታለሁ። ለጽጌረዳ ሽታዋን የሚሰጧት እንደ ጄራኒዮልና ሲትሮኔሎል ያሉ ውህዶች ሲሆኑ፣ እነዚሁ ውህዶች በገላ ሳሙናና በሽቶ ውስጥም ስለሚገኙ አፍንጫችን ከመታጠቢያ ጋር አዛምዷቸዋል። በጣም በጥቂቱ ሲገቡ ሎሚውን ያሳምሩታል፤ መጠናቸው ጥቂት ከፍ ሲል ግን ሰው መጠጥ መቅመሱን ትቶ ሳሙና ያስባል። የሎሚ ልጣጭ ዘይትም የዚሁ የሽታ ቤተሰብ ስለሆነ ፍሬውን ከነልጣጩ አጥብቆ መጨፍለቅ ነገሩን ያባብሰዋል።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያታልለን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቅዝቃዜ መዓዛን የሚያፍን መሆኑ ነው። በረዶ የገባበትን መጠጥ ሲቀምሱ የአበባው ሽታ የጎደለ ይመስልዎትና ይጨምራሉ። ብርጭቆው በእንግዳው እጅ ጥቂት ሲቆይና ለብ ሲል፣ የጨመሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። እኔ ራሴ በሐዋሳ በመጠጥ ክፍል መሥራት በጀመርሁበት ጊዜ፣ ለአንድ የአትክልት ቦታ ግብዣ የጽጌረዳውን ውሃ ማለዳ በትልቁ ማሰሮ ውስጥ ቀላቅዬ፣ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ቀምሼ አነሰ ብዬ ደግሜ ጨምሬበት ነበር። ከቀትር በኋላ በጠረጴዛዎቹ መካከል ስመላለስ ያየሁትን አልረሳውም፤ ብርጭቆዎቹ ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው እስከ አፋቸው ሞልተው ቀርተዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠንካራ የአበባ ውሃን በማሰሮ ውስጥ ቀላቅዬ አላውቅም።

የአበባ ውሃ መጨመር ያለበት በመጨረሻ፣ ከላይ፣ በጠብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ሄንሪ ራሞስ የተባለ ሰው በኒው ኦርሊንስ ከተማ የሠራው፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራው የጂን መጠጥ፣ ሁለት ዓይነት የሎሚ ጭማቂ፣ ክሬም፣ የእንቁላል ነጭ፣ ስኳርና ሶዳ ተደርቦበት እንኳ የብርቱካን አበባ ውሃው የሚገባበት በጥቂት ጠብታዎች ብቻ ነው። ያን ያህል ክሬም ያለበት መጠጥ በጠብታ ከጠገበ፣ የእርስዎ ቀላል መጠጥ ማንኪያ ሙሉ አይሸከምም። የጽጌረዳውን ውሃ ካልጣሉት በትንሽ መርጫ ጠርሙስ ያድርጉትና ብርጭቆው ከተሞላ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ ይርጩበት። እንግዳው ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሽታውን ያገኘዋል፤ ምላሱ ላይ ግን ሎሚው ብቻውን ይቀራል።

በውጭ አገር የሚጻፉ የፀደይ ኮክቴል አዘገጃጀቶች ብዙውን ጊዜ ሴንት ጀርሜን የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበውን፣ ኤልደር ከተባለ ቁጥቋጦ አበባ የሚሠራ ሊኬር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) ይጠይቃሉ። እርሱን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልግዎትም፤ ከሐዋሳ የግማሽ ቀን መንገድ ባልሞላ ርቀት ከእርሱ የማያንስ አበባ አለልዎት።

አስቀድሜ ግን አንድ ጉዳይ በጥብቅ ላሳስብዎ። አበባ ሁሉ አይጠጣም። በመዋቢያ ዕቃዎች መሸጫ የሚገኘው የጽጌረዳ ውሃ ለፊት የተሠራ ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም፤ በጠርሙሱ ላይ ለምግብ እንደሚውል ካልተጻፈ ይተዉት። እንደ ባቱ ባሉ አካባቢዎች ባሉት እርሻዎች የሚመረቱት ያማሩ ጽጌረዳዎች ለአበባ ማስቀመጫ የሚበቅሉ በመሆናቸው ጸረ ተባይ ይረጫሉ፤ ጠረጴዛውን ያስጊጡባቸው እንጂ አንድም ቅጠላቸው ብርጭቆ ውስጥ አይግባ። በግቢ አጥር ላይ የሚተከለው ኦሊያንደር እና እንደ መለከት አበባው የሚከፈተው አስተናግር መርዛማ ናቸው፤ ለጌጥ ብሎ ከጓሮ ቀጥፎ ብርጭቆ ላይ መሰካት በየድግሱ እያየሁት የሚያስፈራኝ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ቡናው አበባ ልምጣ። ከሐዋሳ በይርጋለም በኩል ወደ አለታ ወንዶ ሲሄዱ፣ ከየቤቱ ጓሮ በእንሰት ጥላ ሥር የቆሙትን የቡና ዛፎች ያገኛሉ። በደረቁ ወራት ተጨብጦ የቆየው እምቡጥ ዝናብ ካገኘ በኋላ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ገደማ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ እስከ ጫፉ በነጭ አበባ ይሸፈናል። ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ከሥሩ ቢቆሙ ሽታው ከጠንበለልና ከብርቱካን አበባ ጋር ይቀራረባል፤ ወደ አፍንጫ ጠጋ ሲያደርጉት ደግሞ ከኋላው ቀጭን የማር ሽታ አለው። ለሎሚ እንደተፈጠረ የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ ጽጌረዳ ከሎሚ ጎን እንደ እንግዳ ስትቀመጥ የቡና አበባ ግን ከብርቱካንና ከሎሚ አበባ ጋር አንድ ቤት ያደገ ይመስላል።

አበባው የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። ባለ ጓሮው የሚሳሳበት ፍሬው ስለሆነ እንደ ፈነዳ እንዳይቀጥፉት፤ አበባ በተቀጠፈ ቁጥር የሚቀነሰው ቡናው ነው። በሦስተኛው ማለዳ፣ አበባው መጠውለግ ሲጀምር፣ ከዛፉ ሥር ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አንጥፈው ቅርንጫፉን በለስላሳው ቢነቀንቁት ነጩ አበባ ብቻ ይረግፋል፤ ፍሬ የሚሆነው ከዛፉ ላይ ይቀራል። ዛፉ ኬሚካል ተረጭቶ እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቁ። ያገኙትን በሰፌድ ላይ አሳስተው፣ ፀሐይ በማያገኘው ነፋሻ ቦታ እስኪደርቅ ያቆዩት፤ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ቡናማ ሆኖ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። የደረቀውን በሚገባ በሚከደን ማሰሮ ካስቀመጡት እስከ ቀለበቱ ቀን ይቆይልዎታል። ወቅቱ ካመለጠዎት ደግሞ በሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የጃስሚን ሻይ በተመሳሳይ መንገድ መጠቀም ይችላሉ፤ ሽታው ይቀራረባል፣ የማሩ ጭራ ግን ይጎድለዋል።

ሁለተኛው ችግርዎ፣ ምሬቱ፣ ከሎሚው ጭማቂ የመጣ ነው። ሎሚ ሲጨመቅ በራሱ የማይመር አንድ ንጥረ ነገር ከፍሬው ሽፋንና ከዘሩ ወደ ጭማቂው ይገባል፤ ይህም በአሲዱ ውስጥ ቀስ በቀስ ሊሞኒን ወደተባለ መራራ ነገር ይለወጣል። ወዲያው ሲቀምሱት ደኅና የነበረው ከሰዓታት በኋላ የመረረው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ሦስት ነገር ነው፤ ሎሚውን ጭማቂው እስኪያልቅ አለመጭመቅ፣ ወዲያው በወንፊት አጥልሎ ዘሩንና ገለባውን ማስወገድ፣ ድግሱ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ብቻ መጭመቅ። ሎሚውን ለሁለት ሲከፍሉት ቢላዋው ዘሩን እንዳይሰነጥቅ ይጠንቀቁ። የእኛ ሎሚ ትንሽና ልጣጩ ስስ በመሆኑ በእንጨት መጭመቂያ በትንሽ ጉልበት ይወጣል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚጫኑት እጅ የሚያወጣው ምሬቱን ነው። ለእንግዶችዎ ሲባል ጥቂት ሎሚ ቢባክን አይዘኑ።

ስለ ጭማቂው ሳለሁ ለሚረዱዎት ልጆች የሚሆን ምክር ልጨምር። የሎሚ ጭማቂ የነካ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቃጠልና ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊያወጣ ይችላል። በሐዋሳ ቀትር 200 ሎሚ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ መጭመቅ አይገባም፤ ጥላ ሥር ወይም ቤት ውስጥ ይጨመቅ፣ እጅና ክንድም በሳሙና ታጥቦ ወደ ውጭ ይወጣ።

ሽሮፑን ከዋዜማው ምሽት ይጀምሩ። የስምንት ብርቱካን ልጣጭ፣ ነጩ ክፍል ሳይከተለው፣ በስለታም ቢላዋ ይላጡ፤ ብርቱካኑ ሰም የተቀባ ከሆነ አስቀድመው በለብታ ውሃ ይሹት። በገበያ ትርንጎ ካገኙ የአንዱን ልጣጭ ይጨምሩበት፤ መዓዛው ከሁሉም ይበልጣልና። ልጣጩን በ1.25 ኪሎ ስኳር ውስጥ አድርገው በእጅዎ በደንብ ይሹትና ከድነው ያሳድሩት። ጠዋት ሲከፍቱት ስኳሩ እርጥብ ሆኖ፣ ከልጣጩ የሳበው ዘይት የማሰሮውን ግድግዳ አወዝቶት ያገኙታል፤ ሽታው ወጥ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ 1.25 ሊትር ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱና አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ስስ አበባ እርሱም ይበዛበታል። 15 ግራም የደረቀ የቡና አበባ ይጨምሩበት፣ ከድነው ስድስት ደቂቃ ብቻ ያቆዩት፣ አጥልለው ገና ሞቅ እንዳለ በስኳሩ ላይ ያፍስሱት። ከስድስት ደቂቃ ካለፈ ሽታው አይጨምርም፣ ቅጠል ቅጠል ማለት ግን ይጀምራል። ስኳሩ ሲሟሟ ልጣጩን አውጥተው ያቀዝቅዙት፤ ሁለት ሊትር ያህል ሽሮፕ ይወጣዎታል። ይህን የመሰለ ቀላል የአበባ ሻይ ከጽጌረዳው ውሃ በተለየ ሁኔታ በሽሮፕ ውስጥ መግባት ይችላል፤ መዓዛው እስከ ሳሙናነት የሚደርስ ጉልበት የለውም።

የአንድ ብርጭቆ ልክ እንዲህ ነው። 30 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 20 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 25 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ ከላይ 90 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ሶዳ። 40 በመቶ አልኮል ባለው ጂን ሲሠራ፣ ጥቂት በረዶ ከቀለጠበት በኋላ ከ6 እስከ 7 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ከቢራ ጥቂት ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። 40 ሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ ይጠጣል ብለን ብናስብ ለ80 ብርጭቆ 2.4 ሊትር ጂን፣ 1.6 ሊትር ጭማቂና 2 ሊትር ሽሮፕ ያስፈልጋል። ድምሩ 6 ሊትር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ 75 ሚሊ ሊትር ቀድቶ ሶዳ መሙላት ብቻ ይቀራል፤ ይህን ደግሞ መለኪያ የያዘ ማንኛውም የቤተሰብ አባል ይሠራዋል፣ ሼከርም (የኮክቴል መበጥበጫ ዕቃ) ባለሙያም አይጠይቅም። ጂኑንና ሽሮፑን ጠዋት ቀላቅለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሎሚው በመጨረሻው ሰዓት ይግባ። በጠቅላላው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያክሉበት፤ ጨውነቱ አይታወቅም፣ የቀረችውን ጥቂት ምሬት ግን ይደፍቃታል።

ጂኑ ውድ መሆን የለበትም፤ ሽታው እጅግ የበረታ ጂን አበባውን ይጫነዋል። ጂን የማይወዱ ቤተሰቦች ካሉ በምትኩ 75 ሚሊ ሊትር ደረቅ ነጭ ወይን አድርገው ሎሚውንም ሽሮፑንም ሶዳውንም መቀነስ ይቻላል። ጠጅ ይሁንልን የሚሉኝም አሉ። ጠጅን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን የጌሾው ምሬት ከዚህ አበባ ጋር ስለማይስማማ ለብቻው በብርሌ ቢቀርብ ይሻላል።

ስለ ሶዳው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አምቦ ውሃ ይጨምራል፤ አምቦ ግን በማዕድን የበለጸገ፣ ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ በመሆኑ ከሎሚው አሲድ ጋር ሲገናኝ ገንፍሎ ይወጣና የሎሚውን ኮምጣጣነት ይሰብረዋል። መጠጡ ጣፋጭና ዝርግ የሚሆንብዎት ለዚህ ነው። ጣዕም የሌለውን ተራ ሶዳ ይምረጡ፤ አምቦ ብቻ ከተገኘ ጭማቂውን ከ20 ወደ 25 ሚሊ ሊትር ከፍ ያድርጉት። ጠርሙሱ በረዶ ውስጥ ውሎ መከፈት አለበት፤ ለብ ያለ ሶዳ በዚህ ከፍታ ሲከፈት ጋዙ ወዲያው ይሸሻል፣ መዓዛውን ወደ አፍንጫ የሚያወጣውም ያ ጋዝ ነው።

አልኮል ለማይጠጡት 20 እንግዶች የተረፈውን ለስላሳ ከማቅረብ ይልቅ በዚያው ልክ የታሰበበት መጠጥ ይሥሩላቸው፤ መሠረቱም ብርዝ ይሁን። በ600 ሚሊ ሊትር ውሃ 8 ግራም የቡና አበባ በተመሳሳይ መንገድ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ 700 ግራም ፈካ ያለ ማር ይፍቱበት። ማሩ ከነሰፈፉ ከሆነ በጨርቅ ይጥለል። ከዚህ 25 ሚሊ ሊትር፣ 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 30 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የከርከዴ ውሃና 90 ሚሊ ሊትር ሶዳ ይሁን። ከርከዴው ራሱ ስለሚኮመጥጥ ነው ሎሚውን የቀነስሁት። ቀይ ቀለሙም ሌላ ጥቅም አለው፤ ፈዛዛ ቢጫው አልኮል ያለበት፣ ቀዩ የሌለበት ከሆነ፣ በግርግር መካከል ማንም ብርጭቆ አይሳሳትም። ሕጋችንም 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል መሸጥን የሚከለክል በመሆኑ፣ በእንዲህ ያለ የቤት ድግስ ወጣቶቹ የትኛውን እንደያዙ ከሩቅ መታየቱ ለወላጆችም ዕረፍት ነው። ለሁለቱም መጠጦች 200 ያህል ሎሚ ይበቃዎታል፤ አንዱ 12 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣልና።

በረዶውን አስቀድመው ይዘዙ፤ ለብርጭቆና ለጠርሙስ ማቀዝቀዣ 30 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ለዓሣ ማቆያ የተሠራ በረዶ እንዳይቀርብልዎ ከሚጠጣ ውሃ መሠራቱን አረጋግጡ። ትልልቅ ቁራጭ ከደቃቁ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ይቀልጣልና መጠጡን ቶሎ አያቀጥነውም። ብርጭቆውን በበረዶ ሞልተው ሶዳ ያልገባበትን ቅልቅል ይቅዱ፣ ሶዳውን በጎን ያፍስሱ፣ በረጅም ማንኪያ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያንሡት። ከዚያ በጣት የምታህል የብርቱካን ልጣጭ ወስደው፣ ውጫዊው ፊቷ ወደ መጠጡ ዞሮ፣ ከብርጭቆው አፍ በላይ ቆንጠጥ ያድርጓት፤ ብርሃን ካለ ዘይቱ እንደ ጉም ሲረጭ ያዩታል።

ከቀለበቱ ቀን በፊት አንድ ብርጭቆ ብቻ ሠርተው ሩብ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ያቆዩትና ያን ጊዜ ይቅመሱት። እንግዳ የሚጠጣው እንደዚያ ጥቂት ለብ ያለውን ነው፤ ጣፋጩ ከበዛ ሽሮፑን በ5 ሚሊ ሊትር ይቀንሱ፣ አበባው ካነሰ ደግሞ ማሰሮውን ሳይነኩ ከላይ ከጽጌረዳው ውሃ አንድ መርጨት ይጨምሩ።